የማንጠግቦሽ ጠጅ ቤት ሰዎች

ስለ ጥላና ስለ ሙት መንፈስ የሚያወራ ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ለመሆኑ በቅጡ ተኝተሃል?» ብዬ ነው፣ ምክንያቱም እኔ ዳውንታውን አትላንታ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ስጠብቅ፣ በኋላም ሳስተዳድር ፀጉሬን ያሸበትኩ ሰው ነኝ፣ ሊፍት ማንም ሳይጠራው ሲወርድ፣ መብራት በራሱ ሲጠፋና ሲበራ፣ ሰው የሌለበት መኪና ከመሬት ተነስቶ ሲጮህ አይቼ ሁሉንም ለጥገና ሰዎች ሪፖርት አድርጌ ሻዬን ቁጭ ብዬ የጠጣሁ ነኝ። በዚያ ላይ ጴንጤ ነኝ፣ እኛ ዘንድ የሞተ ሰው ሞቷል፣ ወይ ጌታ ዘንድ ነው ወይ አይደለም፣ ተመልሶ እኛ ሰፈር ሊቶኒያ ድረስ የሚያስመጣው ጉዳይ የለውም። ስለዚህ ይህን የማጫውታችሁ እንዲህ ያለ ወሬ የሚጥመኝ ሰው ሆኜ እንዳይመስላችሁ፣ ለፓስተራችን ልነግረው ስላልቻልኩ ነው፣ ለምን እንዳልቻልኩም እየቆየ ይገባችኋል።

ነገሩ የጀመረው በደስታ ነው። ልጄ ቤዛ እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ ተምራ፣ ፋርማሲስት ሆና፣ አንድ ቀን ናቲ የሚባል ልጅ ይዛ መጣች፣ የሐበሻ ልጅ፣ እዚሁ አትላንታ አጠገብ ቻምብሊ ያደገ፣ ሥራው ከኮምፒውተር ጋር የሆነ፣ ሰላም ሲል ከወገቡ ጎንበስ የሚል፣ እኔና ባለቤቴ ሂሩት ልጁ ከወጣ በኋላ ዓይን ለዓይን ተያይተን በሳቅ ፈነዳን፣ እንዲህ ያለ ዕድል ለስንቱ ወላጅ ነው የሚደርሰው? አንድ ያሰጋን ነገር ቢኖር የናቲ አያት ናቸው። አቶ ደምሴ ይባላሉ፣ ናቲን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፣ ጌታን ከተቀበሉ ዘመን የቆጠሩ ጠንካራ አማኝ ናቸው፣ ግን አንዲት ነገር ከአባቶቻቸው እንደተረከቧት ይዘው አሜሪካ ገብተዋል፣ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። «ጌታ አዲስ ፍጥረት አድርጎናል፣ ደማችንን ግን አልቀየረውም» ይላሉ፣ እንግዲህ ምን ትሏቸዋላችሁ?

በአባቴ በኩል ያለውን እንደ ውኃ ነው የማወርደው። በእናቴ በኩል ግን ጉድ አለ። እማዬ ከእኛው ጋር ነው የምትኖረው፣ ሰማንያን ካለፈች ቆይታለች፣ ስጠይቃት እናቷን ትጠራለች፣ ከዚያ የእናቷን እናት ስንዱን ትጠራለች፣ ከዚያ አፏን ግጥም ታደርጋለች። «ከስንዱ ወዲያ አላውቅም፣ ብታውቅስ ምን ይረባሃል?» ትለኛለች መስኮት መስኮቱን እያየች፣ እኔ ደግሞ ሰው ነገር ሲደብቀኝ እንቅልፍ የሚነሳኝ ሰው ነኝ። አገር ቤት፣ ሸንኮራ የቀረ የአክስቴ ልጅ አለ፣ ከሥራ ቦታዬ፣ ከዚያች ከመስታወት ቤቴ ሆኜ እየደወልኩ ወጥሬ ያዝኩት፣ እሱም ምስኪን ሽማግሌ ከተባለ ደጃፍ ሁሉ እየሄደ ይጠይቅልኝ ጀመር፣ ዛሬ አንድ ነገር፣ ከወር በኋላ አንድ ነገር እያለ ወሬው ተጠራቀመ።

ለካስ የተደበቀው ጠጅ ቤት ነው! በምኒልክ ጊዜ፣ የጨው ነጋዴ ከነበቅሎው በሚያልፍበት መንገድ ዳር፣ አንዲት ማንጠግቦሽ የምትባል ሴት የምታስተዳድረው ጠጅ ቤት ነበረ፣ ስንዱም እዚያ ነው ያደገችው። የመንደሩ ሰዎች ከአያቶቻቸው የሰሙትን እንዳወሩት፣ ማንጠግቦሽ ባሏ የሞተባት፣ አጠር ያለች፣ ድምጿ ጎላ ያለ ሴት ነበረች፣ የሸንኮራ ማር ካልሆነ ጠጅ አትጥልም፣ የሰከረ ሰው ቤቷ አያድርም አይባልም፣ ይልቁንስ የሰከረ ሰው ከቤቷ አይወጣም፣ በበረሃ መንገድ ጅብ እንዳይበላው ጫማውንና ዱላውን ደብቃ ታስተኛዋለች፣ ሲነጋ አጥንት ያለው ቅቅል አብልታ ተሳድባ ትሸኘዋለች። እመኑኝ፣ ያቺን ሴት በስልክ ወደድኳት። ከሥራ ስመለስ ሀይዌዩ ተዘግቶ መኪና ውስጥ ቁጭ ስል ስለ እሷ ነው የማስበው፣ በሕይወቴ ጠጅ አፌ ገብቶ የማያውቅ ሰው የጠጅ ቤት ዘር በመሆኔ ደረቴን ነፋሁ።

እማዬ ግን ስነግራት አለቀሰች። «ልጅ ሆነን 'የጠጅ ቤት ዘር' ይሉን ነበር፣ እናቴ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ እያለቀሰች ትመለስ ነበር፣ እኔ ይህን ቀብሬው ነው የመጣሁት፣ አንተ ጉድጓድ ምሰህ አወጣኸው» አለችኝ። ማሪኝ ብዬ ጉልበቷን ሳምኩ፣ ግን ምን ዋጋ አለው፣ የናቲ ሽማግሌዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡ ዕለት ምላሴ መች ዐረፈ? አቶ ደምሴ «በእናትህ በኩልስ?» ሲሉኝ እንደ ጎበዝ ተማሪ ተነስቼ «እናቴ፣ እናቷ፣ የእናቷ እናት ስንዱ፣ ስንዱ የማንጠግቦሽ፣ የሸንኮራዋ የጠጅ ቤቷ እመቤት!» ብዬ አንበለበልኩት። አቶ ደምሴ ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ብርጭቋቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡና «የኔ አያት ተክሌ የማንጠግቦሽ ልጅ ነው፣ ያው የጠጅ ቤቷ» አሉ።

ሁለቱ ልጆች በሰባት ቤት ውስጥ ወደቁ ማለት ነው፣ ያውም የኔ ኩራት ባወጣው ስም። ቤዛ መጀመሪያ የሚቀለድ መስሏት ነበር። «ዳዲ፣ ላይክ፣ ይሄ እኮ መቶ ምናምን ዓመት በፊት ነው፣ ሲሪየስሊ? በሳይንስ እኮ ምንም ማለት አይደለም!» አለች፣ ደግሞም እውነቷን ነው፣ የዘር ምርመራ እናድርግ ብላ ዕቃውን ገዝታ ላከችላቸው፣ አቶ ደምሴ ግን «በስተርጅና ጠርሙስ ውስጥ ትፉ ልትለኝ ነው?» ብለው መለሱላት። ናቲስ? ናቲ ከአያቱ ቃል አይወጣም። «ቤዚ፣ አይ ላቭ ዩ፣ ግን አባባ ናቸው ያሳደጉኝ፣ ሳይመርቁኝ ማግባት አልችልም» አላት፣ እሷም ቀለበቷን አውልቃ መታጠቢያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው፣ ገብቼ እጄን በታጠብኩ ቁጥር አየዋለሁ፣ እመኑኝ፣ የገዛ ምላሴን ብቆርጠው ደስ ባለኝ።

ሽማግሌዎቹ የመጨረሻ ቃላቸውን ሊነግሩን ቅዳሜ ከሰዓት እንዲመጡ ተቀጠረ። የሚሉት ይታወቃል፣ ፈረንጅ በጽሑፍ መልእክት የሚገላገለውን እኛ ቤት ድረስ ሄደን፣ ተቀምጠን፣ ተመራርቀን ነው የምናፈርሰው።

በዚያው ሳምንት ነው ትንንሽ ነገሮች የጀመሩት። መጀመሪያ ሽታ ነው፣ ከሥራ ስገባ ኮሪደሩ ላይ አንድ መራራ ቅጠል የሚመስል፣ ሞቅ ያለ ነገር ሸተተኝ፣ ሂሩት ቀና ብላ አሸተተችና «ጌሾ ጌሾ ይላል፣ ማነው ጌሾ ያመጣው?» አለች፣ እኛ ቤት ደግሞ ጌሾ ገብቶ አያውቅም፣ የጎረቤት ሣር ታጭዶ ይሆናል አልኩ። ከዚያ እማዬ ከክፍሏ ሆና «ማነው ብርጭቆ የሚያጥበው?» ማለት አመጣች። እኔም ሰማሁት፣ መስታወት ከመስታወት ጋር ሲነካካ፣ ቅጭል ቅጭል፣ ዝግ ብሎ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው እጅ እንደሚያሰማው ያለ፣ ሄጄ ሳይ ወጥ ቤቱ ባዶ ነው፣ እቃ ማጠቢያው ማሽንም አልተከፈተም። አንድ ጠዋት ደግሞ ሂሩት ሁልጊዜ አፋቸውን ወደ ላይ አድርጋ የምትደረድራቸው ብርጭቆዎች በሙሉ በአፋቸው ተደፍተው አገኘናቸው። ቤዛን ተቆጣኋት፣ እሷ ምስኪን ሐዘን ላይ ናት፣ «ዳዲ፣ ስለ ብርጭቆ ኬር የማደርግ ይመስልሃል?» ብላኝ ወደ ክፍሏ ወጣች፣ እኔም አሁንም ለጥገና ሰዎች ሪፖርት አደርግ ነበር፣ የራሴ ቤት ሆኖ ነው እንጂ።

ቅዳሜ ደረሰ። ሂሩት ዋዜማውን ብርዝ አዘጋጅታ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገብታለች፣ እኛ ጠጅ ስለማናቀርብ ማርን በውኃ በጥብጠን ብርዝ ነው የምናወጣው። በእኛ ወገን የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ሽፈራው ቀድመው መጥተው ተቀምጠዋል፣ ውጪ የአትላንታ የበጋ ዝናብ ሰማይ ተቀዶ የሚወርድ ዓይነት ይወርዳል። ደወሉ ሲጮህ ሂሩት በር ከፈተች፣ አቶ ደምሴና አብረዋቸው የመጡት ሽማግሌዎች ጃንጥላቸውን እያራገፉ ገቡ፣ ከኋላቸው ደግሞ አንዲት አሮጊት፣ አጠር ያሉ፣ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ያወረዱ፣ ገቡ። ሂሩት ጎንበስ ብላ «ይግቡ እማማ» አለቻቸው፣ እኔ በልቤ «ተመልከት፣ ክፉውን ቃል ለማለዘብ እናት ይዘው መጡ» አልኩ፣ ደግሞም አከበርኳቸው፣ ከእማዬ ጎን ጥሩውን ወንበር ለቀቅኩላቸው።

እንግዲህ ፈረንጅ ቢሆን «ይቅርታ፣ ስምዎ ማነው?» ይል ነበር፣ ነገሩም እዚያው ያልቅ ነበር። እኛ ግን በዕድሜ የጠገበ ሰው ቤታችን ገብቶ ማን ነዎት ብለን አንጠይቅም፣ ነውር ነው፣ ወንበር እንለቃለን፣ ትራስ እናቀርባለን፣ የመጣበትን ራሱ እስኪነግረን እንጠብቃለን። እኛ የነሱ ወገን ናቸው አልን፣ እነሱ የእኛ ወገን ናቸው አሉ፣ ይህን ያወቅነው ግን በኋላ ነው።

ጸሎት ተደረገ፣ ጋሽ ሽፈራው ስለ ፍቅር ከመጽሐፍ ቅዱስ ትንሽ አነበቡ፣ አቶ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፣ ሊጀምሩ ነው፣ እዚህ ላይ አሮጊቷ ብድግ ብለው ወደ ወጥ ቤት ሄዱ። የት እንዳለ ማንም ሳይነግራቸው። ማቀዝቀዣው ሲከፈት ሰማሁ፣ ያ ቅጭል ቅጭል የሚል ድምፅ ተሰማ፣ የብርዙን ማንቆርቆሪያና ብርጭቆዎቹን ይዘው ሲመለሱ ሂሩት ደንግጣ ዘላ ተነሳች። «ውይ እማማ! እኔ ልቅዳ፣ እርስዎ ይቀመጡ እንጂ!»

«ተቀመጪ ልጄ፣ ይህ የኔ ሥራ ነው» አሏት።

ከዚያ ያደረጉትን ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ። ለማንም ከመቅዳታቸው በፊት ከብርዙ ጠብ አድርገው በግራ መዳፋቸው ላይ አፈሰሱና በሁላችንም ፊት ቀመሱት፣ መርዝ የለበትም፣ ጠጡ፣ ማለት ነው፣ የድሮ የጠጅ አሳላፊ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ከዚያ አንዲት ጠብታ ሳያፈስሱ ከዳር ጀምረው ቀዱ። አቶ ደምሴ እጃቸውን እያዩ «እንዲህ ሲቀመስ ካየሁ... ልጅ ሆኜ አያቴ ቤት ነው ያየሁት» አሉ በቀስታ።

«ጠጣ» አሏቸው አሮጊቷ፣ አንተ ብለው፣ አቶ ደምሴን! «ጠጣና ስማኝ። ስንዱን ማንጠግቦሽ አልወለደቻትም።»

እማዬ ወንበሯን ወደ እሳቸው አዞረች።

«የጨው ነጋዴ ነበር፣ ይማም የሚባል፣ የወሎ ሰው» አሉ፣ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ፣ ቆመው። «ሚስቱን በበቅሎ ይዟት መጣ፣ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ምጧ መንገድ ላይ መጣ፣ ጠጅ ቤቱ ጓዳ ውስጥ ልጅቷን ወልዳ ሞተች። ይማም አልቅሶ ቀበራት። ጨውን ሽጬ እስክመለስ ልጄን ያዥልኝ፣ ብሞት ሰው እንደሌላት እንዳትቀር የዘር ሐረጓንም ያዥልኝ ብሎ አባቶቹን አንድ በአንድ አስቆጥሯት ሄደ። በፍየል ወተትና በማር አሳደገቻት። መጀመሪያ የበቅሎ ቃጭል በተሰማ ቁጥር ይማም በሆነ እያለች ትጸልይ ነበር። ልጅቷ ዳዴ ስትል፣ እማ ስትላት፣ ያን ጊዜ ጸሎቱ ተቀየረ፣ ቃጭል ሲሰማ ልጅቷን ጓዳ ደብቃ ይማም ባልሆነ እያለች ትጸልይ ጀመር። አልመጣም። እሷም አደራውን በላችው። ከኔ ናት አለች፣ ለልጅቷም አልነገረቻት፣ የይማምን አባቶች በልቧ እንደያዘች ቀረች።»

ከዚያ ቆጠሩ። ይማም አሰን፣ አሰን እንድሪስ፣ እንድሪስ ሽፋው፣ እያሉ ወደ ላይ፣ እስከ ሰባት ቤት፣ አንድም ቦታ ሳይደነቃቀፉ፣ ጋሽ ሽፈራው አሰንና እንድሪስ ሲባል ትንሽ አሳላቸው። ከዚያ በማንጠግቦሽ በኩል የአቶ ደምሴን ቆጠሩ፣ የትም አይገናኝም።

እኔ እማዬ ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር፣ ዕድሜ ልኳን ካሳፈራት ጠጅ ቤት ነጻ ወጣች አይደል? እሷ ግን ነጠላዋን ጫፍ ይዛ እንደ ሕፃን ልጅ ተንሰቀሰቀች። «እንግዲያ የሷ አይደለንማ?» አለች። «የሰው ልጅ ይህን ያህል ወድዳ፣ እኛ ደግሞ ስናፍርባት...»

አሮጊቷ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጠው የእማዬን እጅ ያዙ። «ልጄ» አሏት፣ ሰማንያ ያለፋትን እናቴን ልጄ ብሎ የሚጠራት ሰው ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው፣ «አፍራችሁ አታውቁም፣ ልጅ ሰው ሲስቅበት ያለቅሳል እንጂ በእናቱ አያፍርም። የወለደ ብቻ ነው እንዴ እናት?»

አቶ ደምሴ ብርጭቋቸውን አጋመሱ። ከዚያ «አያቴ ተክሌ» አሉ፣ «ስንዱን 'በበቅሎ የመጣችው እህቴ' ይላት ነበር። እኔ ተድራ ከሄደችበት በበቅሎ ለጥየቃ ስለምትመጣ መስሎኝ ነው የኖርኩት።» ወደ ጋሽ ሽፈራው ዞሩ። «እንግዲህ ነገሩ ይህ ከሆነ የምንከለክለው እኛ ማን ነን?»

እልልታውን ያቀለጠችው ሂሩት ናት። ቤዛ ደረጃውን በካልሲ እየተንሸራተተች ወረደች፣ የሁሉንም ጉልበት ሳመች፣ አሮጊቷ ጋ ስትደርስ በሁለት እጃቸው ፊቷን ያዙና ዝም ብለው አዩዋት፣ ብዙ አዩዋት፣ «ቁርጥ ስንዱን» አሉ። እኛ እኮ ደስታ ላይ ነን፣ የስንዱን መልክ የት ያውቁታል ብሎ ማን ያስባል! ሲመሻሽ ሁሉም ተነሳ፣ ጃንጥላ ፍለጋ፣ መኪና በዚያ አዙር፣ በዚህ ተጠጋ ተባለ፣ በዚያ ግርግር ውስጥ ሄዱ።

በማግስቱ አቶ ደምሴ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ወጣት ሆኗል፣ ስለ ሠርጉ አወሩ፣ ከዚያ «ለእናትየዋ ምስጋናዬን አድርስልኝ፣ እንዲህ ያሉ አዋቂ በቤታችሁ እያሉ ያን ሁሉ ቀን ለምን አስጨነቃችሁን?» አሉኝ። «የእርስዎ... ከእርስዎ ጋር አይደለም እንዴ የመጡት?» ልል አፌ ላይ ደርሶ፣ ፊት ለፊቴ ቤዛ ቁጭ ብላ ቀለበቷን ጣቷ ላይ እያዞረች ስትስቅ አየኋት። «እሺ ጋሼ፣ አደርሳለሁ» አልኩ። ይኸው ነው፣ እዚያው ዋጥኩት።

ከሂሩት ጋር የበሩን ካሜራ ከፍተን አየን። አቶ ደምሴ ሲገቡ ይታያል፣ ሌሎቹም ሲገቡ ይታያል፣ ከዚያ ሂሩት በሩን እንደያዘች፣ ዝናቡ ወደ ውስጥ እየገባ፣ ማንም በሌለበት ጎንበስ ስትል፣ ፈገግ ስትል ይታያል። ካሜራው ውኃ ገብቶበት ይሆናል፣ እነዚህ ዕቃዎች እንቅስቃሴ የሚይዙትም የማይዙትም ጊዜ አለ፣ ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ሂሩት ግን ደጋግማ አየችውና ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው። ከማንቆርቆሪያው የቀረውን ብርዝ ልትደፋ ስትል ደግሞ ቀምሳ ትን አላት፣ አቀመሰችኝ፣ ምላስ ይይዛል፣ ያቃጥላል፣ ጠጅ ምን ምን እንደሚል ባላውቅም ብርዝ አልነበረም። ጋሽ ሽፈራው ሁለት ብርጭቆ ጠጥተው ነው ወደ ቤታቸው መዝሙር እየዘመሩ የሄዱት፣ እስከ ዛሬ «የዚያን ዕለት መንፈሱ ወረደ» ይላሉ፣ እኔ ምን አፍ አለኝ?

እማዬን ጠየቅኳት። «እጃቸውን ይዤ አልነበር? ሞቃት ነበር፣ ትንሽ ያጣብቅ ነበር፣ እንደ ማር» አለችኝ፣ አሁን ደግሞ ሰው ከየት ናችሁ ሲላት «የሸንኮራ፣ የማንጠግቦሽ ጠጅ ቤት ሰዎች ነን» ትላለች፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁሉ ሳይቀር። የአክስቴን ልጅ ስለ ይማም አስጠየቅኩት፣ ከሸንኮራ ሽማግሌዎች አንድም የሚያውቀው የለም።

ሠርጉ ሆነ። እንዴት ያለ ሠርግ መሰላችሁ! አሁን ደግሞ ቤዛ ነፍሰ ጡር ናት፣ ሆዷ ገፍቷል፣ የኔም እንቅልፍ አብሮ ሄዷል። ቀን ቀን ልቤ እንዲህ ያለ ፍቅር ከክፉ አይመጣም ይለኛል። ሲጨንቀኝ ደግሞ፣ ያቺ ሴት ስንዱን የኔ ናት ብላ አንድ ጊዜ የዋሸች ሴት ናት፣ ልጅ ከሚያለቅስባት ብላ ሁለተኛም ዋሽታ ቢሆንስ? እላለሁ። ሁለት ዘመዳሞችን ማንም በማያውቃት ሴት ቃል ድሬስ ቢሆን? ለፓስተሩ ብነግረው መልሱን አውቀዋለሁ፣ የሙት መንፈስ ነው፣ ገሥጸው ይለኛል፣ እምነታችንም እንደዚያው ነው።

ባለፈው ሰሞን ቆረጥኩ። ቤቱ ባዶ ነበር፣ ሂሩት ሥራ፣ እማዬ ከቤዛ ጋር ሐኪም ዘንድ ሄደዋል፣ ፀሐዩ ደምቋል። ክፍሌ ገብቼ በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «በጌታ በኢየሱስ ስም» ብዬ ጀመርኩ፣ ልገሥጽ ነው፣ ውጪ ልላት ነው። እመኑኝ፣ ውጪ ማለት አቃተኝ። ያቺ ቃጭል በሰማች ቁጥር ልጅ ይዛ ጓዳ የምትገባ ሴት ፊቴ ድቅን አለች፣ እንባዬ መጣ፣ ከአፌም የወጣው በዕድሜዬ ብዬው የማላውቀው፣ እኛ ጴንጤዎች ለሞተ ሰው የማንለው ነገር ሆነ። «እማማ፣ ነፍስዎን ይማር። ልጄንም የልጄንም ልጅ አደራ» አልኩ።

ከወጥ ቤት በኩል ጎላ ያለ የሴት ድምፅ «አሜን» አለ።

ሄጄ አላየሁም። እማዬ እስክትመጣ ድረስ ከተንበረከኩበት አልተነሳሁም፣ ከዚያን ቀን ወዲህም ቤት ውስጥ ስጸልይ በልቤ ነው።